በጸበሉ መሀል ያለፈው መስመር

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1፡00

ውርጭ። ኮዳዬ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሠርቷል። ሁለት የጎማ ከመነዳሪ ለጠፍኩ፣ የአንዱን ሳይክል ፍሬን አጠበቅኩ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። የመጪው ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ፣ ኅዳር 14፣ አሥራ አንድ ሰዎች ከአ.አ. ይመጣሉ። ከአንኮበር ተነሥተን፣ በጫካው ዳር በኮረኮንቹ፣ እስከ ደ/ሲና። የእኔ መስመር! ሁለት ዓመት የለፋሁበት። የትኛው ድንጋይ ጎማ እንደሚበላ፣ የትኛው ቁልቁለት ዝናብ ሲነካው ሳሙና እንደሚሆን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

ዳዊት ትናንት ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ሥራችን እንዲህ ነው፤ እኔ እየነዳሁ የሄድኩበትን መስመር በስልኬ ጂፒኤስ እቀዳለሁ፣ እሱ አ.አ. ተቀምጦ ካርታ አድርጎ ያወጣል። ካርታው ሲያምር! መቶ ጊዜ ሳላየው አልቀርም። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ አለቀስኩ። የደ/ብርሃን ሰው ሳይክል ጠጋኟ ይለኛል፤ እስቲ አሁን ይበሉኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ከሰዓት 9፡00

ደሜ ፈልቷል።

ሁለት ጎረምሶች፣ ከየት እንደመጡ እግዜር ይወቅ፣ ካርታውን አውርደው ትናንት ጠዋት ብቻቸውን ነዱት። ታችኛው ሚካኤል ጋ መንገዱ የቤ/ክኑን አጥር ይዞ ይዞራል። እነሱ አልዞሩም። በአጥሩ ክፍተት ገብተው፣ በደኑ መሀል ቁልቁል፣ ቀጥ ብለው ጸበሉ ላይ! ሴቶች ልብሳቸውን አውልቀው እየተጠመቁ! እነዚህ ሰውነት ላይ የተጣበቀ ቁምጣ ለብሰው፣ ፍሬን እያንጫረሩ፣ መሀላቸው። ወይ ጉድ! ጩኸቱ ማዶ ድረስ ተሰማ አሉ። ገበሬው ዱላውን ይዞ ሲወርድ ሳይክላቸውን ጥለው እግሬ አውጪኝ። ሳይክሎቹ መምሬ ግቢ ታስረዋል።

መምሬ የታችኛው ሚካኤል አስተዳዳሪ ናቸው። መንገዱን የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። አጥሩ ጋ ስደርስ ወርጄ፣ ተሳልሜ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ በእግሬ ልዞር፤ የማመጣውም ሰው እንደዚያው። በበቅሎ የሚያልፍ ሰው የሚያደርገውን አድርጊ ነው ያሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ቃል ገባሁ። አሁን መንገዱ በእሾህ ተዘግቷል። ሳይክል የሚባል ነገር ዝር እንዳይል ተብሏል።

ካርታውን ከፍቼ አጎላሁት። እውነትም! መስመሩ በአጥሩ ዙሪያ አይሄድም። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ በጸበሉ መሀል ያልፋል። እኔ በዚያ አልፌ አላውቅም። ታዲያ ማን አቀናው? ዳዊት ነዋ! ባለፈው ወር መንገዱ ረዘመ፣ ትንሽ ቢያጥር ሲለኝ ነበር። አሳጠረልኝ! አፈር ያሳጥረው!

ቴሌግራም ላይ፣ የሳይክል ነጂዎቹ ግሩፕ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሙልጭ አድርጌ ሰደብኩት። ዋሾ፣ ሰነፍ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ላብ የሚያበላሽ። አልመለሰም። ቆይቶ ለብቻዬ መልእክት ላከልኝ። ስልኬ ላይ ያለውን ቅጂ እንዳየው ይጠይቃል። ምኑን ነው የማየው? እኔ የነዳሁትን አላውቅም? ዘጋሁት።

ኅዳር 7፣ እሑድ። ከሰዓት

ሄድኩ። ቅዳሴ እንደወጣ ታችኛው ሚካኤል ግቢ፣ ወይራው ሥር፣ የደብሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆምኩ። መምሬ ቀና ብለው አላዩኝም። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ወረዱብኝ፤ ቃል አልገባሽም ወይ፣ ሚስቶቻችንን ልታስደፍሪ ነው ወይ። መስመሩን ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም አልኩ። ማነው አሉኝ።

ተናገርኩ። ዳዊት፣ የእትዬ ዘነበች ልጅ።

እትዬ ዘነበች እዚያው ነበሩ፣ ከሴቶቹ ጋር። ቤታቸው ከቤ/ክኑ ዝቅ ብሎ ነው፤ በመስመሩ ባለፍኩ ቁጥር አስቁመው በሶ በማር የሚበጠብጡልኝ እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። መምሬ ሕዝቡ ሳይበተን የልጁን ስም ጠርተው አወገዙት ማለት ይቻላል፤ ደብሩ ደጃፍ እንዳይደርስ። ለእኔ ግን እሾኹ ይነሣላት ተባለ።

ተፈቀደልኝ! ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል። እትዬ ዘነበች ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

እሾኹን በገዛ እጄ ጎተትኩ። ክንዴ ተቧጥሯል። እስከ ታች ነዳሁት፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፋፍ ተሰልፈው ያሾፉብኛል። የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ፣ ለጠፍኩ፣ እንደገና ተነፈሰ። ድንጋይ ወረወርኩ።

ዳዊት አሁንም ዝም። ቢከራከረኝ ምን ነበረበት? ቢሰድበኝ? ጥፋተኛ ስለሆነ ነው የማይናገረው። ሰው ዝም ሲለኝ ይበልጥ ቅጥል ነው የምለው። ለአሥራ አንዱ ሰዎች መንገዱ ተከፍቷል፣ ኑ ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ጠዋት 4፡00

ካርታውን ራሴ ላስተካክል ብዬ የስልኬን ቅጂ ከፈትኩ።

እዚያም ቀጥ ያለ ነው።

ኧረ በስመ አብ። ዳዊት ከመንካቱ በፊት፣ የእኔው ቅጂ ላይ፣ ቀጥ! የተቀዳበትን ሰዓት አየሁ። ላይኛው በር ጋ 4፡10። ከዚያ ምንም የለም። ታችኛው መታጠፊያ ጋ 4፡45። በመሀል ሠላሳ አምስት ደቂቃ ባዶ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ገባኝ። ስልኬን አጠፋለሁ። ቤ/ክ ደጃፍ ስደርስ ሁልጊዜ አጠፋለሁ፤ አንዴ በቅዳሴ መሀል ዘፈን ጮኾብኝ እናቴ ጎኔን ከቆነጠጠችኝ ጊዜ ጀምሮ። ወርጄ፣ ስልክ አጥፍቼ፣ ተሳልሜ፣ እየገፋሁ ዞሬ፣ ታች ስደርስ አበራዋለሁ። ስልኩ ከጠፋበትና ከበራበት ሌላ የሚያውቀው የለም። ሁለቱን ነጥብ አገናኘ።

ደንቆሮ ስልክ! ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር። ደግሞስ ዳዊት ለምን አላየውም? የእናቱ አገር አይደል? ጸበሉ የት እንዳለ አያውቅም? ... እኔስ? መቶ ጊዜ አይቼው የለ? እያየሁ አለቀስኩ እንጂ መች አጎላሁት። ደንቆሮስ እኔ።

ማንም አያውቅም። ካርታውን አስተካክዬ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ከተናገርኩ እሾኹ ይመለሳል፣ ሁለት ዓመቴ ገደል ይገባል። ደግሞ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ከሰዓት

ዛሬ የሚካኤል ንግሥ። ከየመንደሩ ያልመጣ ሰው የለም። ከበሮው፣ እልልታው፣ ታቦቱ ሲወጣ የሴቱ ለቅሶ። እትዬ ዘነበችን ፈለግሁ። ከሴቶቹ መሀል የሉም። አንዷን ስጠይቃት አፏን አጣመመች፤ ልጃቸው ያን ሠርቶ በየትኛው ፊታቸው ይመጣሉ አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጸበልም አልወረዱም፣ ማኅበራቸውም አልሄዱም።

ቤታቸው ሄድኩ። ነጩን ቀሚስ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ የቤታቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ቤ/ክኑ አዙረዋል። ከበሮው እዚያ ድረስ ይሰማል። ሲያዩኝ ተነሡ። ለመናገር አፌን ሳልከፍት ገብተው በሶውን በጥብጠው ይዘው ወጡ። ከዚያ ደብተሬ፣ እናቴን የምታክል ሴት ጉልበቴ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ያዝኳቸው። «ልጄን ይቅር በይልኝ» አሉኝ።

ጠጣሁት። በሶውን ጠጣሁት! ምንም አይደለም እትዬ አልኩ! ምላሴን ምን ነካው? ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አፋፉን ስወጣ ራሴን በጥፊ መታሁ፣ እውነቴን ነው፣ ሁለቴ። ሳይክሌን እንኳን ማየት አስጠላኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። ቀትር

ዳዊት ጋ ደወልኩ። ነገርኩት። ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር። ደህና አድርጎ ያውቅ ነበር! ዝም ያለበት ምክንያት፣ እኔ መሆኔ ከታወቀ መንገዱ እንደሚዘጋ ስላወቀ ነው። እሱ አ.አ. ነው፣ ስድብ አይገድለውም፤ ቀዝቀዝ ስል ራሴ እንደማየው አስቦ ጠብቆኛል። እንዲህ ሲለኝ ይበልጥ ተናደድኩ። ማን ለምኖህ ነው አልኩት።

ከዚያ የእናቱን ነገር ነገርኩት። ስማቸው ሽማግሌ ፊት እንደተጠራ፣ ከትናንቱ ንግሥ እንደቀሩ። አላወቀም ነበር። እሳቸው አልነገሩትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እንደገና ብደውል አያነሣም። እውነቱን ነው።

ለአሥራ አንዱ ሰዎች ጻፍኩ። አትምጡ፣ ነገ ጉዞ የለም። ምክንያቱን ጠየቁ፣ አልመለስኩም። ካርታውን ከኢንተርኔት ላይ አጠፋሁት። ጣቴ አንዴም አላመነታም።

አሁን አንኮበር ወርጄ እዚያው አድራለሁ። በጠዋት እትዬ ዘነበች ቤት። አብረውኝ እንዲመጡ እለምናለሁ፤ ካልመጡም አልፈርድባቸውም። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሳይበተን፣ መምሬ የዳዊትን ስም የጠሩበት ወይራ ሥር እቆማለሁ። ለሽማግሌዎቹ በሹክሹክታ አይደለም። ጸበሉ ላይ የነበሩት ሴቶችም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። የእትዬ ዘነበች ልጅ አይደለም፣ እኔ ነኝ እላለሁ። መንገዱንም ከፈለጉ ይዝጉት።