ስለተደፋው ኬሚካልና ስለ ባለቤቴ ስም

ለተከበሩ አቶ ባዘዘው
የእግረኛ ድልድያችን ግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? የላንቴ ሙቀት እንዳይጎዳዎ፣ የቢሮዎ ቬንትሌተርም መብራት እንዳይጠፋበት ከልብ እመኛለሁ። እኔ የግንበኛው የኤርጫፎ ባለቤት፣ በዚያው ሥራ ላይ ውሃ ቀጂ የነበርኩት ልክነሽ ነኝ። አርማታውን ደግፎ የያዘውን ጣውላ ሲያነሳ ድልድዩ ወድቆበት ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። ለለቅሶው የላኩት ድንኳን ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

1. በመጀመሪያ፣ የድልድዩ መሐንዲስ ለላኩልን ሁለት ጀሪካን ኬሚካል እርስዎ ስላደረጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ኤርጫፎ እንዳስረዳን፣ ያ ቡናማ ፈሳሽ በልክ ሲጨመር አርማታው ውሃ ሳይበዛበት ይላላል፣ በዚህ ሙቀትም ቶሎ ሳይጠጥር ለመዘርጋት ይመቻል። እርስዎ ግን ይሸታል ብለው ቦይ ውስጥ አስደፉትና፣ ውሃ መቅጃ ቸግሮን ስለነበር ጀሪካኖቹን ለእኔ ሰጡኝ። ውሃ የሚያስቀንሰውን ደፍቶ በዕቃው ውሃ ማስቀዳት፣ እንደ እርስዎ ላለ የተማረ ሰው ካልሆነ ለማን ይታሰባል!

2. በሙሌቱ ቀን አርማታው አካፋ ላይ እየደረቀ ሲያስቸግረን፣ ውሃ ጨምሩበት ብለው ከድካም ገላገሉን። ኤርጫፎ ውሃ ሲበዛ ጥንካሬው ይሄዳል ብሎ ለመነዎት። እርስዎም ለምረቃው እንግዶች ተጠርተዋልና ካልተስማማህ ሂድ ብለው በትሕትና መለሱለት። ስድስት ጊዜ ተመላልሼ ቀዳሁ። ወይኔ፣ ምነው ያን ዕለት እግሬን በሰበረው! ጣውላው በሚነሳበት ቀን ባለቤቴ ሌላ ሰው ከሥር እንዳይገባ ከልክሎ ብቻውን ገባ።

3. በሪፖርትዎ አደጋው የደረሰው በግንበኛው የሙያ ጉድለት ነው ብለው ፈርመዋል። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ይህችን ቃል ብቻ ይሰርዙልኝ። ልጆቼ ሙዝ ለመሸጥ በወጡ ቁጥር አባታቸው ሥራ አያውቅም ነበር ሲባል መስማታቸውን አልቻልኩትም። የግድ የሰው ስም ካስፈለገ ውሃውን ያቀረብኩት እኔ ነኝና የእኔን ይጻፉ። ማን እንዳዘዘኝም አብረው ቢጨምሩበት ሪፖርቱ ይሟላል።

የጀሪካኑን ውለታ ዕድሜ ልኬን ተሸክሜ የምኖር፣ ታዛዥዎ የነበርኩ
ልክነሽ
ላንቴ፣ የካቲት 2004 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ድልድዩ ሳይጀመር ስምዎ እንዲጻፍበት በአርማታ ያሠሩት የምረቃ ሐውልት እንደቆመ ነው። ኬሚካሉ ሳይደፋ በፊት ኤርጫፎ በሲኒ ለክቶ ጨምሮ የሞላው እሱን ብቻ ነበር። ትናንት ሄጄ ዳሰስኩት፤ አንዲት ስንጥቅ የለውም።