ባለቤት ያልተገኘለት ሕመም

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ደጅይጥኑ፣
የጤና ጣቢያችን የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ፣ ምስጋና ለአምላክና ለክፍልዎ ይሁንና፣ ግድግዳ ሳልደገፍ መቆም ከጀመርሁ ሰነባበትሁ። ለእርስዎም ሙሉ ጤንነት፣ ረዥም ዕድሜ፣ እንዲሁም እስከ ዛሬ እንዳየንብዎ ያለ የማይናወጥ እርግጠኝነት እመኛለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሉፕ የሚባለውን የማህፀን የወሊድ መከላከያ አስገብቼ ስወጣ፣ ከክፍልዎ ደጅ ያለውን ግድግዳ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ከአንድ እንግዳ ጋር ሲጨዋወቱ «የማህፀን በር እኮ ሕመም አያውቅም፤ ሴቶቹ ፈርተው ነው እንጂ» ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ የተነገረ አልነበረም። ነገር ግን የተማረ ሰው ቃል መሬት ወድቆ ማየት ስለማልወድ አንሥቼ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድሁ፤ ተኝቼም አሰላሰልሁት፤ መተኛቱ እንኳ ያለምርጫዬ ነበር።

እንደ ቃልዎ ከሆነ፣ ያ ሥፍራ ሕመም የማያውቅ ከሆነ፣ በዚያች ዕለት እዚያ ያገኘሁት ሕመም የእኔ አይደለም ማለት ነው። ወይ ከእኔ በፊት የገባች ሴት ረስታው ሄዳለች፣ ወይ የመንግሥት ንብረት ነው። በአገራችን የባዘነ በግ ያገኘ ሰው እንኳ ገበያ መካከል ያስለፍፋል እንጂ ዝም ብሎ አያርድም። ስለዚህ እኔም በዚህ ግልጽ ደብዳቤ አስለፍፋለሁ፤ ምልክቱም ይህ ነው፦ ከእምብርት በታች ይነሣል፣ ወደ ወገብ ይዞራል፣ ጉልበት ጋ ሲደርስ ጉልበትን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ጆሮ ይጮኻል፣ ጣራው ይርቃል፣ ሰው ስምሽ ማነው ቢል መልሱ ቶሎ አይመጣም። ባለቤቱ ቀርቦ ቢወስደው ወረታ አልጠይቅም።

ለማያውቁኝ አንባቢያን፣ በዚሁ በሰቆጣ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የማገለግል የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱንም የወለድሁት ወልድያ ወርጄ በቀዶ ጥገና ነው። ይህን የማነሣው ለወሬ አይደለም፤ በምጥ ያልወለደች ሴት ሉፕ ሲገባላት ከሌላዋ ይልቅ ልትታመም እንደምትችል ስለሚነገር፣ ይህንንም አስቀድሞ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። አሁን ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

፩. ስለ ቁንጥጫው።

ሲስተር ምሕረት፣ እጇ ይባረክና፣ አልጋው ላይ ከወጣሁ በኋላ «ትንሽ ቁንጥጫ ብቻ ናት» አለችኝ። ነርሶቹን እንዲህ በሉ ብለው ያዘዟቸው እርስዎ እንደሆኑ ኋላ እየከበዳት ነግራኛለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ በቁንጥጫ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ቆንጥጣኛለች፤ አክስቶቼ ተራ እየጠበቁ ቆንጥጠውኛል፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ጭኔ ላይ ያሳረፉብኝን ከነምክንያቱ አስታውሳለሁ። በዘርፉ አስተያየት ለመስጠት በቂ ልምድ አለኝ ለማለት ነው። ያ ነገር ቁንጥጫ ከሆነ፣ ተከዜም ቦይ ነው።

፪. ስለ ደብሬ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከሁሉ የባሰብኝ ሉፑ አይደለም፤ ደብሬ ናት። ደብሬ ጎረቤቴ ናት፣ ማር ነጋዴ፤ በዚያው ጠዋት ከእኔ ቀድማ ገባች። ገባች፣ ወጣች። መቀነቷን አጠበቀች፣ የማር ቅሏን አነሣች፣ ፀሐይ ሳትከርር ገበያ ወርዳ ከአንድ የአበርገሌ ሰው ጋር ስለ ማሩ ንጣት ስትከራከር ታየች። ማታ ልትጠይቀኝ መጥታ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ፣ ያንቺ ሕመም እኮ ከመጽሐፍ ነው የገባብሽ» አለችኝ፤ «እኔ ማንበብ የማልችለዋ በየት በኩል ይግባብኝ?»

ዋሽታ እንደሆነ ብዬ መረመርኋት። አልዋሸችም። እየገባላት ሳለ ታስብ የነበረው ስለ ቀፎዎቿ ነበር። እኔ የሰው ቤት፣ የሰው ባል፣ የሰው ጥልፍ ቀሚስ አይቼ የምቀና ሴት አልነበርሁም፤ በሰው ማህፀን እቀናለሁ ብዬም አስቤ አላውቅም። አሁን ግን ደብሬ በደጄ ስታልፍ አካሄዷ ያናድደኛል። ሳቋ ያናድደኛል። አንድ ቀን ጣቷን እንቅፋት መትቷት «እሰይ» ብዬ፣ ወዲያው ደንግጬ አማተብሁ። ለነፍስ አባቴ ይህንኑ ተናዝዣለሁ። እሳቸውም ለዚህ ዓይነቱ ቅናት የተጻፈ ቀኖና እንደማያውቁ ነገሩኝ። ስግደት ልስገድ ወይ ብላቸው፣ መጀመሪያ ወገብሽ ይዳን አሉ።

በደብሬ ላይ ክስ የለኝም፤ የእሷ እውነት እውነት ነው። የእኔም እውነት ነው። ከእኛ ጋር ተሰልፋ የነበረች አንዲት መምህርት ደግሞ እንደ ወር አበባዋ ያለ ቁርጠት ይዟት፣ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ተደግፋ እያስተማረች ሰነበተች፤ የእሷም እንዲሁ። እርስዎ ግን በደብሬ ልክ የተሰፋውን ቀሚስ ለሁላችን አድለው፣ የጠበበባትን «ፈሪ» አሉ።

፫. ስለ ምስጋናው።

በማርች ስምንት በዓል አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ ከተጠየቁት እናቶች አንዲት እንኳ አመመኝ ያለች እንደሌለች በኩራት ገለጹ፤ እኛም አጨበጨብን። ብዙዎቻችን ወደ ክፍልዎ የመጣነው ያን ሰምተን ነው። አጠያየቅዎን ኋላ በዓይኔ አየሁት። ከበሩ ቆመው፣ ሴቲቱ ስትወጣ «እንዴት ነሽ፣ እናት?» ይላሉ። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። እርስዎም ደስ ብሎዎት ወደሚቀጥለዋ ይዞራሉ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የተወለዱት ከእኛው መካከል መስሎኝ ነበር። በዋግ ምድር በሬው ገደል የገባበት ሰው እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ቤቱ የተቃጠለበትም እንዲሁ። ደጋግመው ሲጠይቁት፣ አጠገቡ ሲቀመጡ፣ ያኔ ነው «እንዲያው ትንሽ…» ብሎ የሚጀምረው። እርስዎ ሰላምታውን ተቀብለው ወሬውን ሳይሰሙ ሄዱ፤ ሰላምታውንም ለአዳራሹ የጥናት ውጤት ብለው አቀረቡልን።

ወለተ ሰንበት የምትባል፣ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጣች ባልቴት ልትሆን የተቃረበች ሴት፣ አንደኛዋ የምስክር ወረቀትዎ ናት። እሷም በአማርኛ አመሰገነች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ዝርግት ብላ፣ ከልጆቿ ምጥ አንዱ መንገድ ጠፍቶት ተመልሶ መጣብኝ ብላ አጠገቧ ላለነው ተናገረች፤ የተናገረችው ግን በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገውኛ፣ ነበር። ክፍልዎ የሚያዳምጠው በአማርኛ ብቻ ስለሆነ፣ ካልታመሙት ጋር ተቆጠረች። ለዚህ የቋንቋ ቁጠባ ምስጋናችን የላቀ ነው።

፬. ስለ መንጋጋዎ።

ይህን በማንሣቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የጥርስ ክፍሉንና የእኛን ክፍል የሚለያቸው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ባይሆን ኖሮ ባልሰማሁ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የመንጋጋ ጥርስዎን ሊያስነቅሉ ገቡ። የሚያደነዝዝ መርፌ ተወጉ። ገና አልደነዘዘም አሉ፤ ተጨመረልዎ። ሲስተር ምሕረት ከእኛ ክፍል ተጠርታ ሄዳ እጅዎን ያዘችልዎ፤ ያቺው የቁንጥጫዋ ምሕረት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ያሰሙት ድምፅ ከወዲህ ሲደርሰን፣ አግዳሚው ላይ የነበሩት እናቶች ለምጥ እንደሚያደርጉት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ በአንድነት ተማጸኑልዎ። ማንም ፈርቶ ነው አላለም። ሲወጡም የሕመም ማስታገሻ ኪኒን በእጅዎ፣ የዕረፍት ፈቃድ በኪስዎ ነበር።

እኔ እንግዲህ በደብሬ መቅናቴ ሳያንስ በጥርስ ቀናሁ። ያ ጥርስ በዘመኑ ሁሉ ቆሎ ከመፍጨት በቀር ለአገር ያበረከተው ነገር የለም፤ ሲሸኝ ግን እንደ ባለሥልጣን ተሸኘ። የእኔ አካል ሁለት ዜጎች ያስገኘ ነው፤ አስተናጋጁ ቁንጥጫ የሚል ቃል ብቻ ነበር። መርፌው ከኮምፔርሳቶው ማዶ እንዳለ ሳላውቅ ኖሬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

፭. ስለ ጥሩሐረግ።

እስካሁን የቀለድሁት ወደዚህ መድረስ ስለከበደኝ ነው።

ጥሩሐረግ የወንድሜ ሚስት ናት። የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ደም ፈስሷት፣ ከመንደር በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧት አፏ ነጥቶ ነበር። ሐኪሙ፣ ዳግመኛ ብታረግዝ እሷንም ልጁንም ላናገኛቸው እንችላለን ብሎ ለወንድሜ ነግሮታል። የወሊድ መከላከያ መርፌው አልተስማማትም፤ ኪኒኑን እናቴ አግኝታ እሳት ውስጥ ጨምራዋለች። የቀረላት ሉፕ ነው። ጎትጉቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ተራዋም ከእኔ ቀጥሎ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ «ትንሽ ቁንጥጫ ብቻ ናት» የሚለውን ሰማች፤ ቀጥሎ የእኔን ጩኸት ሰማች። እኔ ራሴን ከሳትሁበት ነቅቼ ስወርድ አግዳሚው ባዶ ነበር።

አሁን ማንንም አታምንም። ደብሬ ምንም አይደለም ስትላት ፊቷን ታዞራለች። እርስዎ የላኳት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሄዳ ያንኑ ቁንጥጫ ነገረቻትና ውሻ ተለቀቀባት። ወንድሜና እሷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም ይዘዋል፤ እሱ በረት ነው የሚያድረው። ወንድሜን አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ፋሲካ የሌለው ጾም አይቼ አላውቅም፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው።

ሲስተር ምሕረት ለመጪው ማክሰኞ ሌላ ቀጠሮ ይዛላታለች። የምለምንዎ ትንሽ ነው። አንዷን እንደሚያማት፣ ሌላዋን እንደማያማት፣ የትኛዋ እንደሆነችም አስቀድሞ እንደማይታወቅ ይነገራት። ከመግባቷ በፊት ማስታገሻ ትዋጥ፤ ካስፈለገም ያ መርፌ ከኮምፔርሳቶው ማዶ ይሻገር። እጇን የሚይዝላት ሰው ይግባ። አቁሙልኝ ካለች ይቁም። ሉፑን በሚመለከት ቅሬታ የለኝም፤ ሥራውን ይሠራል፣ ስለ ራሱም የተናገረው ውሸት የለም።

ክቡር ሆይ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለማርች ስምንቱ ንግግርዎና የሌለ ሕመም በነፃ ስላስጎበኙኝ እጅ እየነሣሁ፣ ድድዎ በቶሎ እንዲጠግግ፣ ቆሎም ሳይጎረብጥዎ እንዲቆረጠምልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካልዳነ ወገብ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሠርካለም ካሤ
ሰቆጣ፣ ግንቦት ፳፻፩ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለደብሬ (ልጇ ታንብብላት)
ለተነቀለው መንጋጋ፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው የሚለጠፍበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ቁልፉ በእርስዎ እጅ ስለነበረ፣ እርስዎም በጥርስ ፈቃድ ላይ ስለነበሩ፣ ማክሰኞ ከደብዳቤው ቀደመ። ዋዜማውን መንደር ወጥቼ ጥሩሐረግ ዘንድ አደርሁ። «ያንቺን ያህል ያመኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። «አላውቅም ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች። ማስታገሻውን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ አስዋጥኋት፤ ሲስተር ምሕረትም እርስዎን ሳታስፈቅድ አስገባችኝ። ጥሩሐረግ እጇን ሰጠችኝ፤ ይዤ ቆምሁ፤ ሉፑ ገባ። ምንም አላመማትም።