የንግሥቲቱ ታላቅ እህት

ውድ እህቴ ጵርስቅላ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ተናድጃለሁ፣ ማስመሰል አልችልም። ስልክ ያልደወልኩት ድምፅሽን ስሰማ ስለምሸነፍ ነው። አንቺ ማባበል ከጀመርሽ ማን ይችልሻል?

የላክሽው የጉዲፈቻ ወረቀት ሆመቾ ደርሷል። የእኔ ሊዲያ ልጅሽ ልትሆን፣ ቤቱንም ሱቁንም ልትወርስ፣ ከእንግዲህም በባልሽ ስም ሊዲያ ዳኘ ልትባል ነው። ተረፈ ደግሞ አያፍርም፣ የገዛ ስሙ ከልጁ ላይ ሲነሳ "ለልጅቷ ይበጃታል" ብሎ እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሳ። ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩት።

ያለፈው ዓርብ ባልመጣ ኖሮ ምናልባት እኔም እፈርም ነበር። ሊዲያ በትምህርት ቤቱ የታሪክ ቀን ስለ አንዲት የጥንት የዴንማርክ ንግሥት ታቀርባለች ብለሽ ጠራሽኝ። ቆጮና ቅቤ ተሸክሜ በጠዋቱ መኪና መጣሁ። ስደርስ አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንቺ ከፊት ነበርሽ።

ልጄ ስትናገር እንዴት ታምራለች! ማርጋሬት የንጉሥ ቫልደማር ትንሿ ልጅ ነበረች አለች። ገና በአሥር ዓመቷ ለኖርዌይ ንጉሥ ዳሯት። አባቷ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት፣ ዙፋኑ የሚገባው ለታላቅ እህቷ ለኢንገቦርግ ልጅ ነው የሚሉ ነበሩ። ማርጋሬት ግን መኳንንቱን አግባብታ የራሷን ልጅ፣ የአምስት ዓመቱን ኦላፍን አስመረጠች። ዘውዱ የልጁ፣ ሥልጣኑ የእሷ ሆነ። እኔ ከኋላ ሆኜ "ይቺን ሴት አውቃታለሁ" አልኩ በልቤ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እንሰት ስፍቅ፣ አንቺ አባባን አግባብተሽ ሆሳዕና የተማርሽው ትዝ አለኝ። አኩርፌ ስቀመጥ "እሷ እኮ ትንሽ ናት" ይሉኝ ነበር። እኔስ ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር?

ከዚያ ኦላፍ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሞተ ስትል ድምፅዋ ቀነሰ። ልጅሽ ኤልያብም ያረፈው በዚያው ዕድሜ ነው። ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ንግሥቲቱ ያን ጊዜ የዚያችኑ የታላቅ እህቷን የልጅ ልጅ አስመጣች፤ ቦጊስላቭ የሚባለውን ስሙን ለውጣ ኤሪክ አለችው፣ ልጄ ብላም ወራሿ አደረገችው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

መምህር ማቲዎስ ማይኩን ይዞ "የሊዲያ እናት ወደ መድረክ ትምጣልን" አለ። ሁለታችንም ተነሣን። አንቺ ወደ ኋላ አላየሽም፤ ቀጥ ብለሽ ወጣሽ። እኔ ነጠላዬን ለማስተካከል የተነሣሁ መስዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ "እናትየው እንዴት ደስ ትላለች" አለችኝ። "አዎ" አልኳት።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። ኤልያብ ሲቀበር ከልቤ ነው ያለቀስኩት፣ ጌታ ያውቃል። ግን ከለቅሶው ስመለስ መኪናው ውስጥ "አሁን እሷ የሌላት፣ እኔ ያለኝ ነገር አለ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በራሴ ደነገጥኩ። በማግስቱ "ሊዲያን ውሰጃት፣ ቤትሽ ሰው ይኑረው" ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንቺ ቸርነት መስሎሽ እግሬን ሳምሽ። እኔ ግን ራሴን እየቀጣሁ ነበር። ቅጣቱ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ስደውል ሊዲያ "እማዬ እየጠራችኝ ነው" ብላ ትዘጋብኛለች። እማዬ የምትለው አንቺን ነው።

ዓርብ ዕለት ሕዝቡ ሲወጣ ሊዲያ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ።

"ወደድሽው?" አለችኝ።

"ወድጄዋለሁ። ግን ያቺ ታላቅ እህቷ፣ ኢንገቦርግ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ምን አለች?"

"ምንም። ቀድማ ሞታ ነበር እኮ።"

እስከ ሆመቾ ድረስ ይህን ሳሰላስል መጣሁ። ንግሥት የሆነችው እንኳ እህቷ ከሞተች በኋላ ነው ይህን ያደረገችው። እኔ አለሁ፣ ጵርስቅላ።

ስለዚህ አልፈርምም። ሊዲያን ግን አልወስድብሽም፤ ትምህርቷን አንቺ ጋ ትጨርስ። ባዶ ቤት ምን እንደሆነ አሁን እኔም አውቃለሁ። ልታወርሻት ከፈለግሽ በኑዛዜ አውርሻት፤ ስሟ ግን ሊዲያ ተረፈ ነው። እኔ የሞትኩ ዕለት ልጄ በያት፣ ከመቃብር ተነሥቼ አልከራከርሽም። እስከዚያ አክስቷ ነሽ።

የምቀናብሽና የምወድሽ፣
አስካለች፣ የሊዲያ እናት