ከኒሙ ዛፍ ላይ ስለ ተወሰደው ሐዲድ

ለተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የሚያዝያው ጎርፍ ከዚራ ሰፈር ካለው መኖሪያዎ ደረጃ ሳይደርስ በመመለሱ የተሰማኝን ደስታ በአክብሮት እገልጻለሁ። አልጋዎ ደረቅ እንደሆነ፣ ልጆችዎም አንድ ሳይጎድሉ ለምሳ እንደሚቀርቡ ሰምቼአለሁና ይህንኑ ያብዛልዎ። እኔም ግድግዳዬ አንድ ጎኑ ከመሄዱ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ነፋሱ እንደ ልቡ ስለሚገባ የድሬ ሙቀት እንደ ዱሮው አያስቸግረኝም።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ እርስዎ ያወጡት ማስታወቂያ መልስ ሳያገኝ ቢቀር ነውር ይሆናል ብዬ ነው። በማስታወቂያው በደቻቱ ወንዝ ዳር የደረሰው ጉዳት «ነዋሪው አስቀድሞ ባለመዘጋጀቱና ራሱን የመቻል ንቃት ስለሚጎድለው» የደረሰ መሆኑን አስታውቀውናል። እኔ በባቡር መሥሪያ ቤት ለአለቆች ደብዳቤ ስጽፍ ያረጀሁ ሴት ነኝና፣ እንዲህ ያለው አነጋገር ምን ለመሸፈን እንደሚጻፍ አላጣሁትም። ስለ ምክርዎ ግን እናመሰግናለን። እስካሁን እንዴት እንደተዘጋጀን ስላልጠየቁን፣ ሳልጠየቅ እንድመልስ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ደወሉ።

እርስዎ ወደ እኛ ከመመደብዎ በፊት በወንዙ ዳር ካለው ኒም ዛፍ ላይ አንዲት የሐዲድ ቁራጭ በሽቦ ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ስለሆነ፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናታችንን እየበሳች ሳለ ወንዙ ግድግዳ የሚያህል ውሃ ይዞ ከተፍ ይላል። ስለዚህ ከላይ በኩል አሸዋ ከሚጭኑት መካከል ውሃውን መጀመሪያ ያየው ሮጦ ሐዲዱን ሳያቋርጥ ይመታል። የሰማ ሁሉ ልጁን አዝሎ ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ሲወጣም የጎረቤቱ በር ተቆልፎ ካገኘው ሰብሮ ያያል። በተሰበረ በር ማንም ማንንም ከሶ አያውቅም። ይህን ሥርዓት ያስተማረን ካድሬ አልነበረም።

እርስዎ በመጡ ማግሥት ግን ቀበሌው ለስብሰባ መጥሪያ ደወል ቸግሮታል ተባለና ሐዲዳችን ከኒሙ ወርዳ እርስዎ በሚያዙበት የቀበሌው ግቢ ውስጥ ተሰቀለች። ሽማግሌዎቻችን መጥተው፣ መውሰዱንስ ውሰዱ፣ ለስብሰባ ሦስት ጊዜ ብቻ ምቱ፣ ሳያቋርጡ መምታት ግን ለውሃ ይተው ብለው ለመኑ። እርስዎ ሕዝቡ በሦስት ምት እንደማይነቃ አስረድተው፣ ጥበቃው ጓድ ሸምሶ አዳራሹ እስኪሞላ ድረስ ሳያቋርጥ እንዲመታ አዘዙ። አዳራሹ ሞልቶ ስለማያውቅ ሸምሶም አቋርጦ አያውቅም። ደወሉን ሰምቶ ቤቱ የተገኘ ሰው እየተነዳ ስለሚወሰድ፣ የቀረም የስኳር ኩፖኑን ስለሚያጣ፣ እኛም ቀስ በቀስ አዲስ ንቃት አዳበርን፦ ደወሉ ሲጮህ በር መቀርቀር፣ ልጆችን ዝም ማሰኘት፣ የለንም መባባል። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ደግሞ ማንም የሌለበት እንዲመስል ከውጭ በቁልፍ እንቆልፍ ጀመር። ሕዝቡን አላነቃሁትም ብለው እንዳይቆጩ ብዬ ነው የምነግርዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆጣችን።

ደቻቱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ከጣሪያው ሥር የጣውላ ቆጥ አለው። በቆጡ ላይ አንድ ጆንያ ማሽላ፣ በጀሪካን ውሃ፣ ገመድና መጥረቢያ ይቀመጣል። ገመዱ መውጫ ነው፤ መጥረቢያው ደግሞ ውሃው በሩን ከያዘው ቆርቆሮውን ቀድዶ ወደ ጣሪያ ለመውጣት ነው። ባለፈው መስከረም የእርስዎ ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ ማሽላውን ክምችት፣ ገመዱን አጠራጣሪ፣ መጥረቢያውን መሣሪያ ብሎ ሁሉንም ለቀመው። እኔንም በዚህ ዕድሜዬ አዳራሹ ፊት አቁመው የኢኮኖሚ አሻጥረኛ አሰኙኝ፤ በሕይወቴ ካገኘሁት ማዕረግ ሁሉ ረጅሙ ነውና አመሰግናለሁ። ማሽላዬን ማን እንደበላው አልጠይቅም። መጥረቢያዎቹን ግን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፋርቱን።

ፋርቱን ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ነበረች፤ ወተት ሸጣ የምታድር፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ጀምራ በሶማሊኛ የምትጨርስ፣ ሳቋ ከእኔ ቤት የሚሰማ ሴት። በመጋቢት መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ አቶ ዓዋሌ፣ ወንዙ ውስጥ አሸዋ የሚጭነው፣ አራስ ናትና ከስብሰባ ይማሩልኝ ብሎ እርስዎ ዘንድ ቀርቦ ነበር። አብዮቱ የአራስ ፈቃድ እንደማያውቅ ነግረው መለሱት። እሱም የስብሰባ ቀን በሆነው እሑድ ወደ ሥራ ሲወጣ በሩን ከውጭ ቆልፎባት ቁልፉን ኪሱ ይዞ መሄድ ጀመረ።

ጎርፉ በመጣበት በዚያ የሚያዝያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዓዋሌ ከላይ ሳለ ውሃው ሲመጣ አየ። ወደ ቤቱ አልሮጠም። ወደ ቤቱ ቢሮጥ የሚያድነው አንድ ቤት ነው፤ ደወሉን ቢመታ ግን የእኔም፣ የጎረቤቱም ክንድ በሩን ቀድሞት እንደሚሰብርለት ያውቅ ነበር። እኛ በዚህ ሥርዓት አድገናል። ስለዚህ ወደ እርስዎ ግቢ ሮጠ። ጓድ ሸምሶ ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ ደወል መንካት ክልክል ነው ብሎ ክንዱን ያዘው። እርስዎ ተጠርተው ወጡ፤ ሰማዩን ቀና ብለው አዩና ደመና የለም አሉ። ዓዋሌ ተመናጭቆ ሐዲዱን እስኪይዝ ድረስ የባከነውን ጊዜ እርስዎ ያውቁታል።

መታው። ሳያቋርጥ መታው፤ ከምቱም ጋር እየጮኸ «ስብሰባ አይደለም፣ ቢዮ ነው፣ ውሃ ነው፣ ውጡ» ይል ነበር። በየእሑዱ ሸምሶም ውጡ እያለ ስለሚጮህ፣ እኛ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የለየነው ውጡ የሚለውን ብቻ ነው። በራችንን ቀረቀርን። ልጆቻችንን ዝም አሰኘን። የማንንም በር አልሰበርንም። እኔ የወጣሁት ውሃው በሬ ሥር ገብቶ እግሬን ሲነካኝ በጓሮ በኩል ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ፋርቱን ደጅ የሚያስኬድ መሬት አልነበረም።

ሕፃኗን ቆጡ ላይ፣ ማሽላው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ በሻሽ ተጠቅልላ አገኘናት። እናቷን በሩ ሥር አገኘናት። መዝጊያው ላይ የጥፍሯ ጭረት እስካሁን አለ፤ የዝግጁነት ማነስን ለማጥናት ለሚልኳቸው ጓዶች ይጠቅማል ብዬ እንዳይታጠብ ተከላክያለሁ።

አራተኛውን ጽፌው ነበር፤ በጨዋ ቋንቋ ሊጻፍ ስላልቻለ ቀድጄዋለሁ። ባጭሩ ተናድጃለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የምናገረውን እስከማላውቅ ድረስ ተናድጃለሁ። ደወላችንን ወስደው ስላልሰማችሁ ብለው ወቀሱን፤ መጥረቢያችንን ወስደው ራሳችሁን አልቻላችሁም አሉን። ሕፃኗ ስሟ ሉል ነው። አባቷ አሸዋ ሲጭን እኔ ዘንድ ትውላለች፤ ይህን ስጽፍም ጭኔ ላይ ተኝታለች። አሁን ሐምሌ ነው። ነሐሴ ሲገባ ደንገጎ እንደገና ይጠቁራል፤ የእኛ ሐዲድ ግን ዛሬም እርስዎ ግቢ ተሰቅላ ስለ አረንጓዴ ዘመቻው ስብሰባ ትጠራለች።

ስለዚህ ሐዲዷ ነሐሴ ከመግባቱ በፊት ወደ ኒሙ እንድትመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን በማስታወቂያዎ መሠረት ራሳችንን ችለን ተዘጋጅተናል። የደቻቱ ዳር ነዋሪዎች ተማክረን፣ ከእንግዲህ ያቺ ሐዲድ በማንም እጅ፣ በምንም ምክንያት ብትመታ፣ የጎረቤታችንን በር እየሰበርን፣ ልጆቻችንን አዝለን ወደ ዳገቱ ልንሮጥ ተስማምተናል። ስለ ማዳበሪያ ሊያስተምሩን ቢደውሉም እንሮጣለን። ስለ ንቃት ሊያስተምሩን ቢደውሉማ ይበልጥ እንሮጣለን። በየእሑዱ ባዶ ወንበር ማስተማር የማይመችዎት ከሆነ፣ መፍትሔው አንዲት ሽቦ መፍታት ብቻ ነው። የስኳር ኩፖኑን ይያዙልን፤ ሻዩን መራራውን እንለምደዋለን።

ውድ ጊዜዎን በእንዲህ ያለ ተራ ጉዳይ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ደረቅ እግር፣ ረጅም ዕድሜና ከተራራ ርቆ የተሠራ ቤት እመኝልዎታለሁ።

ከአብዮታዊ ሰላምታና ከቀረኝ አክብሮት ጋር፣

የሺአረግ ወልደጻድቅ
ደቻቱ ዳር፤ ቤቱን ለማያውቁት ጓዶች፣ አንድ ጎኑ የሌለው ነው

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ በአዳራሹ ስም ሲጠራ ጸሐፊዎ ፋርቱንን ሁለት ጊዜ ጠራት፤ መልስ ሲጠፋም እርስዎ ራስዎ «ቀሪ» ብለው አለፉ። ዓዋሌ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ደወሉን ሰምታ ነው የቀረችው» ሲል ሁላችንም ሰማነው። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ሳያሰፍረው ስለቀረ እኔ እዚህ ጽፌዋለሁ።