የካፒቴኑ ፊርማ

ቅዳሜ፣ ማርች 2

የሣር ኳስ ክለባችን ዋልን። ፀሐዩ አንገት ያቃጥላል፤ አባዬ ግን ነጭ ሹራቡንም ሆነ ያንን ላብ የጠጣ ባርኔጣውን አላወልቅም አለ። ካፒቴን አይራቆትም ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሣሩ ማዶ፣ ከነጯ ትንሽ ኳስ አጠገብ ቆሞ ሲያዘን ኖሯል። እኛ ከወዲህ ሆነን ትልልቆቹን ኳሶች ወደ ነጯ እናንከባልላለን፣ ይበልጥ የቀረበ ያሸንፋል፤ እሱ “ወደ ቀኝ፣ ለስለስ አድርጊው” ይላል። እኔ ምክትሉ ነኝ።

ዛሬ የቡድናችንን ኖኤልን “ያቺን ቀይ ምታና ገለል አድርግልኝ” አለው። ኖኤል መታት። ግሩም አመታት... ቀዮቹ የኛ ባይሆኑ ኖሮ። ተጋጣሚዎቻችን በጨዋ ደንብ አጨበጨቡ።

“አውቄ ነው፣ እንዳይከፋቸው ብዬ” አለ አባዬ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መኪና ውስጥ ግን፣ “ቀዮቹ የማን ነበሩ ሊን?” አለኝ።

“የኛ፣ አባዬ።”



ማክሰኞ፣ ማርች 5

ሐኪም ዘንድ ሄድን። የመርሳት በሽታ ነው። ገና ጅማሬው ላይ ነው አለች። ለብቻዬ ጠርታ ደግሞ፣ “ውክልናውን አሁን ይስጥሽ፣ የሚፈርመው ነገር እየገባው ሳለ” አለችኝ። ካልገባው ማንም አያስፈርመውም። ያኔ ስለ ቤቱም፣ ስለ ባንኩም፣ የት እንደሚኖርም የሚወስንለትን ሰው የሚመርጡት ዳኞች ናቸው። እኔን ይመርጡ ይሆናል... ወይም ሻዩን በስንት ስኳር እንደሚጠጣ እንኳ የማያውቅ ባዕድ።

ዳርዊን ከተማ ያለው ወንድሜ ግሬም ጋ ደወልኩ። “አንቺ ጨርሺው፣ እኔ ከጀርባሽ ነኝ” አለ። ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ከጀርባዬ።

ረቡዕ፣ ማርች 6

ቁርስ ላይ ስለ ውክልናው ነገርኩት። ቶስቱን ቅቤ እየቀባ ነበር።

“ሳልሞት ልትወርሺኝ?”

“ምንህን ልውረስ? ያንን የማይነሳ ፒካፕ?”

“ይነሳል። ደስ ሲለው።”

ሳቅን። ከዛ ቢላውን አስቀመጠና፣ “ካፒቴንነቴን ልትቀሚኝ ነው” አለ።  ሄዶ የአትክልት ውሃ ማጠጫውን ጎማ መጠቅለል ጀመረ። ትናንት የጠቀለለውን።

ቅዳሜ፣ ማርች 9

ዛሬም ቀዮቹ ተምታቱበት። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

እሑድ፣ ማርች 10

“ጠበቃዋ ዘንድ መቼ ነው የምንሄደው ያልሽኝ?” አለኝ አባዬ።

ስለ ጠበቃ ምንም አላልኩትም ነበር... “ሐሙስ” አልኩት ቶሎ ብዬ።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ሚስ ፓፓስ በጣም ትሑት ጠበቃ ናት፤ በትሕትና ከቢሮዋ አስወጣችኝ። ብቻውን ማነጋገር አለባት፣ ማንም እንዳልገፋፋው ለማወቅ። ደግነቱ ግድግዳዋ ስስ ነው። ማዳመጥ ነውር ነው? ነው። አዳመጥኩ።

“ሚስተር መርቭ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?”

“ካላንደር የለሽም እንዴ?”

አመለጣት። ይህን ያህል ግን እሷም አላስጨነቀችውም። “እሺ፣ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ። ለሊኔት የሚሰጧት ምንድን ነው?”

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

“ኳስ ትጫወቻለሽ?”

“አልጫወትም።”

“ያሳዝናል። ካፒቴኑ ማዶ ቆሞ ሁሉንም ያዛል፣ አይደል? የራሱ ተራ ሲደርስ ግን ወደ ወዲህኛው ጫፍ ይመጣል። ከዚህ ሆኖ ማዶ ያለው ነገር አይለይለትም። ያኔ ምክትሉ እሱ ቦታ ላይ ትቆማለች። የኛ የትኛው እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሚጥል ትነግረዋለች። የሚጥለው እሱ ነው። የምታይለት እሷ ናት።”

“ምክትልዎ ማን ናት?”

“ውጭ ተቀምጣ ጥፍሯን እየበላች ነው።”

እየበላሁ ነበር።

“ብታሳስትዎትስ?”

“ልቤ ሳለ እሽረዋለሁ። ከዛ በኋላ... ከዛ በኋላ ማመን ነው። ሃያ ዓመት አምኛታለሁ። አንዴ ብቻ ነው ያሳሳተችኝ፣ እሱም ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ።”

ፀሐይ አልነበረም። ኖኤል ጋ ወሬ ይዤ ነበር። ዛሬም አልነግረውም።

ምስክር እንድትሆን ጸሐፊዋ ተጠራች፤ እኔም ገባሁ። ወረቀቱ ላይ “ልዩ ትእዛዝ ካለ” የሚል ባዶ ቦታ አለ። አባዬ አስጻፈ፦ ባርኔጣዬን ማንም እንዳይጥልብኝ። ሚስ ፓፓስ ሳትስቅ ጻፈችው። ፈረመ፣ ቀስ ብሎ፣ በሙሉ ስሙ።

ውጭ መኪናው ጋ ቆሜ አለቀስኩ። “ያሸነፈ ሰው አያለቅስም” ብሎ መሐረቡን ሰጠኝ። የሞተር ዘይት ይሸታል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 22

አምስት ወር አልጻፍኩም። አሁን ሁሉንም የምፈርመው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ራሱ መወሰን አይችልም የሚለው የሐኪሟ ደብዳቤም ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ባንክ ቤት መጀመሪያ የፈረምኩ ቀን ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። ባርኔጣው ግን እንደተሰቀለ ነው። ጠረኑ ለሰው አይነገርም፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።

ዛሬ ከሰዓት አባዬን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሦስት በር አለ። መታጠቢያ ቤቱ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶበታል፣ አርባ ዓመት በኖረበት ቤት። አልጠየቀኝም። አፍሯል። እጁን ይዤ ልውሰደው? እንደ ሕፃን?

አልፌው ሄድኩና ትክክለኛው በር ጋ ቆምኩ። ፊቴን ወደሱ መልሼ፣ ሣሩ ላይ እንደማደርገው ሁለት እጄን ዘርጋ አደረግሁ።

“ወደዚህ፣ ካፒቴን። ትንሽ ወደ ግራህ።”

አየኝ። ትከሻው ቀና አለ። በዛ በጨዋታ አረማመዱ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። መሐል ላይ ቆመ።

“ስንት ቀረኝ?”

“ሁለት ሜትር።”

“ለካፒቴን አይዋሽም፣ ሊን።”

“ሁለት ተኩል።”

“እሱን ነው የጠየቅኩሽ” አለና መጣ።