ማንም የማይከፍተው ጉድጓድ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናህ እንዴት ነው? አዲስ አበባ ተስማምታሃለች ሲሉ ሰማሁ፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ያው ገበያው ዳር የስፌት መኪናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ለክፉ አይሰጠኝም። እናቴ ግን ከረመዳን ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ምን ብዬ ልጻፍለት ስላት፣ ሰላምታውን ትተህ ይምጣ በለው አለችኝ።

ፊልምህን አየሁት። ሙስተፋ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ አሳየው። ወንበር ጠፍቶ ሰው ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ነው ያየው፤ የእኛ ልጅ ሠራው ተብሎ አገር ምድሩ ወጣ። እኔንም አብሮ አደጉ ነው ብለው ፊት አስቀመጡኝ። መቼም እጅህ ይባረክ፤ አንዲት የቅቤ ስርቆት በአራት ሰው አፍ ማስነገር ቀላል አይደለም። ፖሊሱ ሲጨርስ ባለቅቤዋ ትነሣለች፣ ከዚያ ሟቹ ሽማግሌ፣ በመጨረሻ ሌባው፤ ሁሉም ያንኑ ነገር ገልብጦ ያወራዋል። ሟቹ ከመቃብር ሆኖ ስለ አወዳደቁ ሲያማርር ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እውነተኛው ሟች አባ ሀቢቡ ግን አላማረሩም ነበር። ሌባ ሲያባርሩ ገደል ገብተው፣ ሦስት ቀን አቃስተው ነው የሞቱት። ሚስታቸው ከድጄ ከእኔ ኋላ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ እሷም ሳቀች፤ ኋላ ተነሥታ ወጣች።

ያንን አልምልም ያለውን ጅል ልጅ ግን ለምን አላስተረክኸውም? ሦስት ጊዜ ብቅ ይላል፣ ሦስቱንም ጊዜ ይሳቅበታል። ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ላቡን ሲጠርግ የሰፈር ልጆች ወደ እኔ እየጠቆሙ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

መቼም አልረሳኸውም። እናቶቻችን ዓመቱን ሙሉ በየተራ እያዋጡ ለአረፋ ያጠራቀሙት የውጆ ቅቤ ከነማሰሮው ከከድጄ ቤት ሲጠፋ፣ ሽማግሌዎቹ የሰፈሩን ወጣት መስጊድ በር ላይ ሰብስበው አስማሉ። አንተ ማልክ፤ ምላስህም አልተያዘም። እኔን እናቴ፣ መሐላ እውነት እንኳ ቢሆን ሰባት ቤት ያንኳኳል፣ ባጠባሁህ ጡት እንዳትምል ብላኝ ነበርና እምቢ አልኩ። በዚያ ላይ አባ ሀቢቡ ነፍሳቸው ሳትወጣ፣ ፊቱን አላየሁትም፣ የለበሰው ግን የጎረቤታችንን የሰማንን ኮት ነው አሉ። ኮቱ የእኔ ነው፤ አልካድኩም። በዚያ ሳምንት ለማን እንዳዋስኩት ሲጠይቁኝ ግን ስም አልጠራሁም። መስጊድ በር ላይ የማለን ሰው እንዴት ልጠርጥር? አራት ዓመት ወልቂጤ ታሰርኩ። እናቴን ሴቶቹ ከውጆው ማኅበር አስወጧት፤ ከታሰርኩበት የባሰብኝ ይኸ ነው። ይኸው ስምንት ዓመቷ፣ አረፋ በመጣ ቁጥር በሯን ዘግታ ትውላለች።

ማሰሮው ጠፍቶ ቀረ። ፖሊስም ጠንቋይም አላገኘውም። የፊልምህ ሌባ ግን በሞተች አክስቱ ጓሮ፣ ማንም በማይከፍተው አሮጌ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ጠቅልሎ፣ ድንጋይ ጭኖበት ሄደ። ሰው አጨበጨበ። እንዴት አድርጎ አሰበው ብለው ጠየቁኝ። አላህ የሰጠው ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ መቆፈሪያ ይዤ አክስትህ ጓሮ ገባሁ፤ አላህ ይዘንላቸው። ቦታውን ዳዋ ውጦታል። ድንጋዩን አነሣሁ። ኮባው በስብሶ አፈር መስሏል፤ ማሰሮው ግን አለ። ቅቤው ለመድኃኒት የሚፈለግ የከረመ ቅቤ ሆኗል።

አቅፌው ወደ እናቴ ልሮጥ ስል እግሬ ተያዘ። ይዤው ብወጣ ምን እባላለሁ? ድሮም ያለበትን ያውቅ ነበር ነዋ የሚሉኝ። ፊልም አይቼ ነው ብል ደግሞ እንደገና ይሳቅብኛል። ባዶ እጄን ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። መልሰህ ክደነው፣ የቀበረው ያውጣው አለች። ሄጄ ከደንኩት፤ ድንጋዩንም እንደነበረ ጫንኩበት።

አረፋ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሴቶቹ ቅቤ ሊካፈሉ ከድጄ ቤት ይሰበሰባሉ። ማሰሮውን በራስህ ትከሻ ተሸክመህ በሯ ላይ አስቀምጥ፤ ሌላ ነገር አልለምንህም፤ ንግግርም አያስፈልግም። እናቴ አንድ አረፋ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ትሙት። ባትመጣም አልከስህም። እኔ እንደሆንኩ አልምልም፤ ታውቀኛለህ።

አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ምንም የማትረሳበት ዕድሜ። እናቴም ቤቴ ክፍት ነው ብላሃለች።

የኅዳር ማለዳ ብርድ ነው። ያ ኮት አሁንም አለ፤ እጅጌውን ጠግኜ ሰቅዬልሃለሁ።

አብሮ አደግህ ሰማን