የማይዞረው ቀለበት

መስከረም 28፣ ጠዋት

ዛሬም የካሜራ ሌንሶቼን ፀሐይ አወጣኋቸው። ሱቁ ደጃፍ፣ ትሪ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ። ክረምቱ ቢወጣም የሐይቁ እርጥበት አልወጣም፤ መስታወት ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ይስቃል። ሰው በርበሬ ያሰጣል፣ አንተ ዓይን ታሰጣለህ ይሉኛል። ይበሉ! ሁሉም የጃፓን፣ ሁሉም በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን ካሜራው ላይ ተጠምዝዘው የሚገጠሙ። የለቀምኳቸው ከደሴ አሮጌ ዕቃ ተራ፣ ከኮምቦልቻ፣ አንዱን መርሳ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ሲዘጋ። ስልክ ጠግኜ ያገኘሁት ሁሉ እዚህ ትሪ ላይ ነው።

ትሪው ላይ የሌለ አንድ አለ። የይመር። እሱ እማ ትራስ ሥር ነው፣ በሻሽ ተጠቅልሎ።

ጥቅምት 1

ደብተር፣ ስለ ይመር ጽፌብህ አላውቅም። አልቻልኩም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ። የጭነት መኪና ረዳት። በጦርነቱ ጊዜ እህል ጭነው ወደ ወልድያ ወጡ፤ መኪናውም እሱም ቀሩ። አስከሬን የለም፣ አየሁ የሚል የለም። እማ ልቅሶ ከለከለች። በሕይወት ላለ ሰው የሙት ሰደቃ አይወጣም አለች፣ አበቃ። ዛሬም እራት ሲቀርብ የሱን ድርሻ በሳህን ከድና ታስቀምጣለች። ጠዋት እኔ ቁርስ አደርገዋለሁ።

ሊሄድ ዋዜማ ካሜራዬን ወሰደ፤ ሳይጠይቅ፣ እንደ ልማዱ። የሌንሱ ርቀት ማስተካከያ ቀለበት ትንሽ ጠጠር ይል ነበር። ይመር ደግሞ እምቢ ያለ ነገር ሁሉ ግሪስ ይፈልጋል ባይ ነው። የመኪና ኩሽኔታ ግሪስ ጠቀጠቀበት። ሌንስ ላይ! በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። ሳቀብኝ። ግሪሱ ከርሞ ደረቀ፤ ቀለበቱም እሱ ባቆመበት ቀረ። ፎቶ ያነሣበትን ፊልም ደሴ አሳጥበዋለሁ ብሎ ኪሱ ከትቶት ሄደ።

ያን ማታ ጫማው በስብሶ ነበር የገባው። እማ ጮኸችበት። ጠዋት እንደረጠበ አጥልቆት ወጣ። ብርድ በመጣ ቁጥር የምታነሣው ይህንን ነው፤ ልጄ በእርጥብ ጫማ ሄደ።

ጥቅምት 3፣ ከሰዓት

እማ ጎረቤት ዱዓ ሄዳ ነበር። ሌንሱን ከትራሷ ሥር አወጣሁና ካሜራው ላይ ገጠምኩት። ምነው እጄን በሰበረው።

የነዚህ ካሜራዎች ነገር እንዲህ ነው፦ በማያዋ መስኮት ስታይ ሰው ሁለት ሆኖ ይታይሃል፣ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዛዛ። ቀለበቱን ስታዞር ፈዛዛው ይጠጋና ደማቁ ላይ ይገጥማል፤ ያኔ ርቀቱን አገኘህ ማለት ነው። የይመር ግን አይዞርም። እሱ የተወው ርቀት ላይ የቆመ ብቻ አንድ ይሆናል። የቀረው ዓለም ከነጥላው ነው የሚሄደው። ከኛው ጋር የምትኖረው የይመር ሚስት፣ ከድጃ፣ ልብስ ስታሰጣ አየኋት፣ ሁለት። ዶሮዋም ሁለት። በራችን ላይ ማንም አልነበረም። ፈዛዛ ሰው ግን ነበር። ቁመቱ የይመር፣ አንድ ትከሻው ዘመም ያለ።

ካሜራውን ሳወርድ የበሩ መጋረጃ ነው። አውቃለሁ፣ መጋረጃ ነው። ወላሂ ደግሜ ለማየት ግን አልደፈርኩም። አዑዙ ቢላህ።

ሌላም ያየሁት አለ። መስታወቱ ውስጥ ሻጋታው ክር ክር እያለ ተሰራጭቷል። ዘንድሮ ካልተከፈተ ሌንሱ ይታወራል። ከተከፈተ ደግሞ ግሪሱ ይወጣል፣ ቀለበቱ ይለቃል። ይመር ያቆመው ይጠፋል።

ጥቅምት 5

ከድጃ ሱቅ መጣች። ቻርጀር ልትገዛ መስሎኝ ነበር። ቁጭ አለች። በዚያ ፊልም ያነሣው ፎቶ የኔ ነበር አለችኝ። ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀምጧት፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት እያለ፣ በሳቅ ገድሏት። ከዚያ ቀና አለች፦

“ባል አምጡልኝ አላልኩም። ምን እንደሆንኩ ግን ይነገረኝ። ሚስት ነኝ ወይስ መበለት?”

የሰው ስልክ ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ። ያልተበላሸ ስልክ።

ጥቅምት 8

ለእማ ስለ ሻጋታው ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት! ወንድምህን በእጅህ ልትቀብረው ነው አለችኝ። ሌንሱን ጡቷ ሥር ወሽቃ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለከድጃም ለኔም አፏን ዘጋች። ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነው። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር መጋረጃውን አያለሁ።

ጥቅምት 10፣ ማታ

ዛሬ ከዓስር ሶላት በኋላ እማ ድንገት ተነሣች። ፎቶ የተነሣሽበት ድንጋይ የት ነው አለቻት ከድጃን፤ ለሷም ነግራት ኖሯል። ከድጃ መራችን።

ከድጃ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እማ ሌንሱን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ገጠምኩት፤ ካሜራውን ከእጄ ተቀበለች። አንድ ዓይኗን መጨፈን አቃታት፣ በመዳፌ ሸፈንኩላት። እዚህ ሁለት ናት አለች። ወደ ኋላ ሄደች። አሁንም ሁለት። እኔ ክንዷን ይዤ፣ አንድ ርምጃ፣ ሌላ ርምጃ። ውሃው ውስጥ ገባን።

ገጠመች አለች። አንድ ሆነች።

ካሜራውን አውርዳ እግሯን አየች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፏል። ለካ ጫማው የበሰበሰው እዚህ ቆሞ ነው አለች። ግራ ቀኟን አየች፣ ከኋላዋ ማዶውን አየች። እሱ በቆመበት የቆምኩት እኮ እኔ ነኝ፣ እሱ የለም አለች። ድምፅዋ የእማ አይመስልም ነበር። ከድጃ ሮጣ መጥታ ደገፈቻት። እኔ ካሜራውን ያዝኩ፣ ሌላ የምይዘው ስላጣሁ።

ጥቅምት 11

ክፈተው አለችኝ እማ ጠዋት። መጀመሪያ ግን ምልክት አድርግበት። ቀለበቱ የቆመበት ላይ በመርፌ ጫፍ ጭረት አኖርኩ።

ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አስጥቼ አሞቅሁት። እማ ከጎኔ በርጩማ ላይ። ሦስቱን ትናንሽ ብሎኖች አወጣሁ፣ ቀለበቱን በጨርቅ ይዤ ጠመዘዝኩ። እምቢ አለ። ደግሜ ስይዘው ለቀቀ። ያ ሽታ ደጃፉን ሞላው። ግሪስ፣ የመኪና ግሪስ፣ ማታ ማታ ከይመር ጋር ይገባ የነበረው። የጠረግኩበት ጥጥ ጥቁር ሆነ። እማ ከእጄ ነጥቃ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው።

አለቀሰች። አላህ ያውቃል፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ሞተር አጥፍተው መጡ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ጥጡን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ሰደቃው ሐሙስ ይሁን አለች።

ማታ እራት ቀረበ። የይመርን ሳህን አንሥታ ቆረሰችበት፣ ወጡን ጨመረችበት። እስክትከድነው ጠበቅኩ። ሳህኑን ወደ ከድጃ ገፋችው። ብዪ ልጄ አለቻት፣ ሳይቀዘቅዝ።

ነገ ጠዋት ቁርስ የለኝም።